የራበው ዳኛ እና የደከመው አእምሮ

«እራት ምን ይሁን?» ሲባል «ያለውን አምጡ» የሚል ሰው ሞልቷል። ቀኑን ሙሉ ሲወስን ውሏል፤ አሁን ደግሞ ሽሮ ይሁን ምስር ብሎ ማሰብ ታክቶታል። ይህን ድሮም እናውቀዋለን። አሁን ግን ስም ወጥቶለት ይሸጣል። «የውሳኔ ድካም» ይሉታል። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የስኬት ምክር የሚሰጡ ሰዎች ሳያነሱት አያልፉም። ምክራቸውም ያው ነው። የአእምሮ ጉልበት በቀን የተወሰነ ነው፤ ጠዋት በማይረባ ነገር አትጨርሱት፤ ልብስ መምረጥ አቁሙ። ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት እያሉ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሱፍ ብቻ የሚለብሱት የሚወስኑትን ነገር ለመቀነስ እንደሆነ ተናግረው ነበር። ይህም እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል።

የፕሬዚዳንት ሱፍ ምንም አያስረዳም። ከምክሩ ጀርባ ያለው ሳይንስ ደግሞ ባለፉት አሥር ዓመታት ክፉኛ ተናግቷል። ወሬው እኛ ጋ የደረሰው ግን ከመናጋቱ በፊት በነበረው መልኩ ነው። ስለዚህ የቱ ፈረሰ፣ የቱ ቆመ ብሎ መለየቱ ይጠቅማል። ከዳኞቹ እንጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2011 ዳንዚገር፣ ሌቫቭ እና አቭናይም-ፔሶ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። በእስራኤል የአመክሮ ጥያቄ የሚያዩ ስምንት ዳኞች የሰጧቸውን 1,112 ውሳኔዎች ተመልክተዋል። እስረኛው «በአመክሮ ልፈታ» ይላል፤ ዳኛው ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የዳኞቹ ቀን በሁለት የምግብ ዕረፍቶች የተከፋፈለ ነው። ከዕረፍት እንደተመለሱ 65 በመቶ ለሚሆነው ጥያቄ ይፈቅዳሉ። ጉዳዮች እየተደራረቡ ሲመጡ ቁጥሩ ይወርዳል። ቀጣዩ ዕረፍት ሲቃረብ ዜሮ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። በልተው ሲመለሱ እንደገና 65 በመቶ።

ግራፉን ያየ ሁሉ ደነገጠ። የሰው ነፃነት በሳንድዊች ይወሰናል ማለት ነው እንዴ? ታሪኩ በየጋዜጣው፣ በየሥልጠናው ዞረ። አጭር ነው፤ ያስቃል፤ ያስቆጣል። በዚያ ላይ «ዳኞች እንዲህ ናቸው» ለማለት ለሚፈልግ ሁሉ ይመቻል።

እኔን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚከነክነኝ የቁጥሩ መጠን ነው። ከ65 በመቶ ወደ ዜሮ! ረሃብ በሰው ላይ ይህን ያህል ጉልበት ቢኖረው ኖሮ ከምሳ በፊት ሥራ የሚባል ነገር ባልኖረ። ሾፌሩም፣ ሐኪሙም፣ ገንዘብ ከፋዩም ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነገር ዓለሙን ያበላሹት ነበር።

መልሱ ብዙ አልዘገየም። በዚያው ዓመት ዋይንሻል-ማርጌል እና ሻፓርድ የተባሉ አጥኚዎች የችሎቱን አሠራር አጣርተው አንድ ነገር አገኙ። ጉዳዮቹ የሚቀርቡበት ቅደም ተከተል በዕጣ አይደለም። ዳኞቹ ዕረፍት ከመውጣታቸው በፊት የአንድን እስር ቤት እስረኞች አዳርሰው ለመጨረስ ይሞክራሉ። ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀርባሉ። ጠበቃ የሌለው ሰው የሚፈቀድለት አልፎ አልፎ ነው። እንግዲህ መጨረሻ ላይ ያለው ውድቀት ቢያንስ በከፊል የጠበቃ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ለመረዳት ግራፍ አያስፈልገውም።

በ2016 ደግሞ ግሎክነር የተባለ ተመራማሪ ሌላ ነገር አስተዋለ። በመጀመሪያው ጥናት ራሱ እንደተጻፈው፣ የመፍቀድ ውሳኔ በአማካይ ከሰባት ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ የመከልከል ውሳኔ ግን አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ዕረፍት ሊወጣ የተቃረበ ዳኛ ረጅም የሚመስል ጉዳይ አይጀምርም፤ ለበኋላ ያቆየዋል። የሚቀረው አጭሩ ነው። አጭሩ ደግሞ ክልከላ ነው። ግሎክነር ይህን በኮምፒውተር አስመስሎ ሲሠራው፣ ማንም ሳይራብና ሳይደክም የግራፉ ቁልቁለት በአመዛኙ ብቅ አለ።

ይህ ማለት ዳኞች አይደክሙም ማለት አይደለም። በዚያ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ይደክማሉ ማለት ግን አይቻልም።

ከዚህ የሚበልጠውን ታሪክ በ2023 አነበብኩት። በፓኪስታንና በሕንድ የግማሽ ክፍለ ዘመን የፍርድ ቤት መዝገብ ተሰብስቦ ተጠና። ወደ 10 ሺህ ዳኞች፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የወንጀል ጉዳዮች። ጥያቄው ሙስሊም ዳኞች በረመዳን ምን ይወስናሉ የሚል ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወቅቱን ስለሚቀያይር፣ የጾሙ ሰዓትም እንደ አካባቢው ስለሚረዝምና ስለሚያጥር፣ ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን አዘጋጅታዋለች። በራበው ዳኛ ታሪክ ብንሄድ ጾሙ በረዘመ ቁጥር ዳኞቹ መጨከን ነበረባቸው። የታየው ተቃራኒው ነው። የጾሙ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ብዙ ተከሳሾችን በነፃ አሰናበቱ። ደግሞ የዘፈቀደ ምሕረት አይደለም። ይግባኝ የሚባልባቸውና የሚሻሩ ውሳኔዎች ቀነሱ፤ የተፈቱት ሰዎች ተመልሰው ወንጀል መፈጸማቸውም አልጨመረም።

ጾም በሚከበርበት አገር ላደገ ሰው ይህ ብዙ አይገርምም። ሳይታሰብ የመጣ ረሃብ ያናድዳል። አስቦበትና ፈልጎ የጾመ ሰው ግን ሌላ መንፈስ ውስጥ ነው። ሆዱ ያው ባዶ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሰውየው ረሃቡን የሚረዳበት መንገድ ነው።

ብስኩቱና ሥሩ

የ«ውሳኔ ድካም» ወሬ ሥሩ አንድ የ1998 ሙከራ ነው። ሮይ ባውማይስተር የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ክሊቭላንድ በሚገኘው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጋበዙ። ክፍሉ ገና ከምድጃ በወጣ የቸኮሌት ብስኩት ሽታ ታውዷል። አንዳንዶቹ ብስኩቱን እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። ሌሎቹ ብስኩቱን እያዩ ራዲሽ የሚባለውን የሚያቃጥል ሥር ብቻ እንዲበሉ ተነገራቸው። ከዚያ ሁሉም መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ብስኩት የበሉት ወደ 19 ደቂቃ ታገሉ። ሥሩን የበሉት በ8 ደቂቃ ገደማ ተስፋ ቆረጡ። ማብራሪያው ቀላል ነበር። ራስን መግዛት እንደ ነዳጅ ነው፤ አንዱ ላይ ካዋልከው ለሌላው ያጥርሃል።

ሐሳቡ ተወደደ። በ2010 ወደ 200 የሚጠጉ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲመዘኑ ውጤቱ ጠንካራ ይመስል ነበር። ችግሩ ያልተሳካ ሙከራ ብዙ ጊዜ አለመታተሙ ነው። የተሳካው ብቻ ሲደመር ውጤቱ ያማረ ይሆናል። በ2016 ከተለያዩ አገሮች 23 ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ሙከራ አስቀድመው ተስማምተው፣ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ሠሩት። ውጤቱ ዜሮ ሊባል የሚችል ነበር። በ2021 ደግሞ 36 ቤተ ሙከራዎች በ3,531 ሰዎች ላይ ደገሙት፤ እንደገና ከዜሮ ብዙ ያልራቀ ቁጥር ተገኘ። ባውማይስተር ሐሳባቸውን አልተዉም፤ ሙከራው ተሳታፊዎቹን በደንብ አላደከማቸውም ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ያን ያህል ተፈልጎ በጭንቅ የሚገኝ ነገር፣ ጠዋት ካልሲ መርጠን ከሰዓት በኋላ ጉልበት የሚያሳጣን ዓይነት ነገር ሊሆን አይችልም።

ነዳጁ ስኳር ነው የሚል ክርክርም ነበር። አእምሮ በእርግጥ በላተኛ ነው። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ሆኖ ሳለ በዕረፍት ጊዜ ከምናቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ነገር ግን ከባድ ነገር ስናስብና እንዲሁ ፈዘን ስንቀመጥ በሚወስደው መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ሒሳብ እየሠሩ ውፍረት መቀነስ አይቻልም። ቢቻል ኖሮ የሒሳብ መምህራን ሁሉ ሸንቃጣ በሆኑ ነበር። አንዳንድ ሙከራዎች ደግሞ ሰዎች በስኳር ውሃ ተጉመጥምጠው ሲተፉት እንኳ እንደበረቱ አሳይተዋል። ሆድ ያልገባ ስኳር ነዳጅ ሊሆን አይችልም።

አሁን ፌዙን እናቁምና ዋናውን ነገር እናንሳ። ድካሙ ራሱ ውሸት አይደለም። ማታ «ያለውን አምጡ» የሚለው ሰው እያስመሰለ አይደለም። የፈረሰው የድካሙ ማብራሪያ ነው።

ማሰብ ደስ አይልም

ማሰብ ራሱ ምን ያህል እንደሚከብደን የሚያሳይ ትልቅ ጥናት በ2024 ታትሟል። በኔዘርላንድስ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኤሪክ ቤይለቬልድ እና ባልደረቦቻቸው ከ29 አገሮች 170 ጥናቶችን ሰበሰቡ፤ ተሳታፊዎቹ 4,670 ናቸው። አንዳንዶቹ ወታደሮች፣ አንዳንዶቹ የጤና ባለሙያዎች፣ አንዳንዶቹ ተማሪዎች ናቸው። የሠሩት ሥራም ይለያያል። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ሥራው አእምሮን በጠየቀ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ ይበሳጫል፣ ይጨነቃል፣ ይታክተዋል። ከዚህ ያመለጠ የሥራ ዓይነት አልተገኘም።

ይህ ጥረት ከውጭም ይታያል። ዳንኤል ካህነማን እና ጃክሰን ቢቲ በ1966 ሰዎች ቁጥሮችን በቃላቸው እንዲይዙ እያደረጉ የዓይናቸውን ብሌን ለኩ። ቁጥር በተጨመረ ቁጥር ብሌኑ ይሰፋል። ሰውየው ቁጥሮቹን እየጠራ ሲያራግፋቸው ብሌኑ ይጠባል። ካህነማን በኋላ በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙት እስራኤላዊ-አሜሪካዊ ናቸው፤ በ2024 አርፈዋል። ስለ ሰው ውሳኔ ዛሬ የምናወራው ብዙ ነገር ከእሳቸው የመጣ ነው። ራሳቸው ግን ሲሳሳቱ በአደባባይ የሚቀበሉ ሰው ነበሩ። ይህን የሚጠቅሱላቸው ግን ብዙ አይደሉም።

ታዲያ ነዳጅ የሚያልቅብን ካልሆነ ለምን ይከብደናል? ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚያዘነብሉበት መልስ የሒሳብ መልስ ነው። አእምሮ ትኩረቱን የት እንደሚያውል ያመዛዝናል። ይህን ባስብ ምን አገኛለሁ? በዚህ ስጠመድ ምን ያመልጠኛል? የድካም ስሜት «ይሄ ነገር ያዋጣሃል?» የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ጉልበት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣል።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አንዲት አንቀጽ ሪፖርት መጻፍ ያቃተው ሰው፣ ስለ አርሰናል አሰላለፍ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል። በስታትስቲክስ! በ2003 በታተመ ጥናትም፣ «ደክመዋል» የተባሉ ተሳታፊዎች ክፍያ ሲጨመርላቸው ወይም ሥራው ለሌሎች እንደሚጠቅም ሲነገራቸው ካልደከሙት እኩል ሠርተዋል። ያለቀ ነዳጅ በማበረታቻ አይሞላም።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ሰው ማሰብን ይሸሻል ስንል ባዶነትንም ይሸሻል። በ2014 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት ሰዎችን ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን 15 ደቂቃ አስቀመጠ። ከአጠገባቸው የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ቁልፍ አለ። ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ራሳቸውን ቢያንስ አንድ ጊዜ አስነዘሩ። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ሕመም ተሻላቸው። ወንዶቹን በተመለከተ አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጥረት ራሱ የሚጣፍጥበት ጊዜ አለ። በ2018 ማይክል ኢንዝሊክት እና ባልደረቦቹ ይህን ተቃርኖ አንስተው ጽፈዋል። ተራራ የሚወጣ ሰው ሄሊኮፕተር ቢላክለት ይቀየማል። እኛ ዘንድ የቅኔ ነገር እንዲሁ ነው። ወርቁ ወዲያው ከተገለጠ ቅኔው ረክሷል ይባላል። ሰሚው ሲቸገር፣ ሲያሰላስል፣ ከዚያ ድንገት ሲበራለት ነው «አቤት!» የሚለው። የቅኔ ተማሪ ያን ደስታ ለማግኘት ዓመታት ይለፋል። ያ ሁሉ ልፋት «ዋጋ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልከፈለው።

ስለ ጥረት ያለን እምነትም ድካማችንን ይቀይረዋል። በ2017 ሳቫኒ እና ጆብ በሕንድ በሠሩት ጥናት፣ ብዙ ሕንዳውያን ተሳታፊዎች ከባድ የአእምሮ ሥራ ያነቃቃል ብለው ያምናሉ። እነሱ ላይ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነበር። ከከባድ ሥራ በኋላ የሚቀጥለውን የተሻለ ሠሩ። የ2024ቱ ትልቅ ጥናትም በእስያ አገሮች ማሰብና መሰልቸት የሚያያዙት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ባነሰ መጠን መሆኑን አይቷል። አጥኚዎቹ ምክንያቱ የእስያ ልጆች በትምህርት ቤት ብዙ ስለሚደክሙ ሊሆን ይችላል ብለው ይገምታሉ።

ለሚዛን ያህል ከሌላኛው ወገን ያለውንም ላንሳ። በ2022 ፓሪስ ውስጥ የማቲያስ ፔሲሊዮን ቡድን ሰዎችን ከስድስት ሰዓት በላይ ከባድ የአእምሮ ሥራ አሠራ። በግንባራቸው ጀርባ ባለው የአእምሮ ክፍል ግሉታሜት የተባለው ንጥረ ነገር ተከማችቶ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች በመጨረሻ ሲመርጡ ቆይቶ ከሚመጣ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ ቶሎ የሚመጣውን ትንሽ አበዙ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም አያያዙ ጥሩ ነው። ሙሉ ቀን መሥራትና ጠዋት ሸሚዝ መምረጥ አንድ ነገር አለመሆናቸውንም ያሳያል።

ከሥራ ቦታ የተገኙት ማስረጃዎችም ይጋጫሉ። በ2014 በአሜሪካ ክሊኒኮች የተሠራ ጥናት፣ ሐኪሞች የሥራ ሰዓታቸው እየገፋ ሲሄድ ለጉንፋን መሰል ሕመም አንቲባዮቲክ ማዘዝ እንደሚያበዙ አሳይቷል። ለታካሚው «አያስፈልግህም» ብሎ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል፤ ማዘዝ ይቀላል። በ2025 የወጣ የስዊድን ጥናት ግን በጤና ምክር ስልክ መስመር ላይ የሚሠሩ ነርሶች የመለሷቸውን ከ200 ሺህ በላይ ጥሪዎች መረመረ። የውሳኔ ድካም ምልክት አላገኘም። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ያለው «ቀላሉ መንገድ» ላይ ነው። የደከመ ሰው ቀላሉን ይመርጣል። ቀላሉ ምን እንደሆነ የሚወስነው ግን አሠራሩ ነው።

ቀላሉን ማን አዘጋጀው?

ስለዚህ «የአእምሮ ጉልበቴን እንዴት ልቆጥብ?» ከሚለው ይልቅ ይህኛው ጥያቄ የሚበጅ ይመስለኛል። ቀላሉ መንገድ ወዴት ይወስደኛል?

የጡረታን ነገር እንይ። በአሜሪካ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ሠራተኛው ፎርም ሞልቶ የጡረታ ቁጠባ እንዲገባ ሲጠበቅ፣ ከአዲሶቹ ሠራተኞች ግማሹ እንኳ አይገባም ነበር። አሠራሩ ተገለበጠ። ያልፈለገ ፎርም ሞልቶ ይውጣ፣ ያለዚያ ገብቷል ተባለ። በ2001 እንደታተመው ተሳታፊዎቹ ወደ 86 በመቶ አሻቀቡ። ገንዘቡ ያው ነው፤ ሰዉም ያው ነው። የተቀየረው ማን ፎርም ይሙላ የሚለው ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የደመወዝተኛው ጡረታ ከዚህም ያልፋል። 7 በመቶ ከደመወዙ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ማንም ቁጭ ብሎ «በዚህ ወር ልቆጥብ ወይስ አልቆጥብ?» አይልም።

ይህን ብልሃት ግን ከአሜሪካ መማር አላስፈለገንም። ዕቁብ አለ። ዕቁብተኛ ወር በወር ከራሱ ጋር አይሟገትም። አንድ ቀን ወስኖ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ባይከፍል ከዳኛው፣ ከጸሐፊውና ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚነታረከው። መክፈሉ ይቀልለዋል። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንም ሆነ እስራኤል ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ዕቁብ የሚኖረው ባንክ ስለጠፋ አይደለም። ባንክ አካውንት ውስጥ ያለ ብር «ልንካው?» እያለ በየቀኑ ይጠይቃል። የዕቁብ ብር አይጠይቅም።

ጾምም በዚህ ዓይን ሲታይ ይገርማል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ሥጋ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ራሱን አይታገልም። ውሳኔው ከእሱ በፊት ተወስኗል። ያው ሰው «ክብደት ልቀንስ» ብሎ በራሱ ሥልጣን ሥጋ ለመተው ቢሞክር በሦስተኛው ቀን ክርክር ውስጥ ይገባል። በ2017 በካናዳ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት ይህንኑ የሚደግፍ ነገር አግኝቷል። ግባቸውን የመቱት ፈተናን በብርታት የተቋቋሙት ሳይሆኑ መጀመሪያውኑ ፈተና ያልበዛባቸው ነበሩ።

ይህ ሁሉ ግን ለደመወዝተኛ ይሠራል። ገቢው ዛሬ ያለ ነገ የሌለ ሰው አስቀድሞ ሊወስን አይችልም። በ2013 በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊት እጃቸው ባጠረበት ጊዜና ከምርት በኋላ ተፈተኑ። ሰዎቹ ያው ናቸው። እጃቸው ሲያጥር የማሰብ ፈተናው ላይ ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ደሃ ስለሆኑ ማሰብ አይችሉም ማለት ሳይሆን፣ ሐሳባቸው በሌላ ሥራ ተይዟል። በአሜሪካ ከደመወዝ በፊትና በኋላ ተመሳሳይ ነገር የፈለገ የ2016 ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ የውጤቱን መጠን በተመለከተ እጄን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ሐሳቡን ግን አልጥለውም። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ገበያ የወጣች እናት በጭንቅላቷ የምትሠራውን ሒሳብ አስቡት። ዘይቱን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ለልጁ ደብተር አሁን ወይስ ሳምንት? በርበሬውን ግማሽ ኪሎ ላድርገው? ሀብታሙ ይህን ሁሉ ሳያስብ ያልፋል። ዋናው የውሳኔ ሸክም ያለው እዚህ ነው። ስለ ሱፍ የሚያወራው ምክር ለዚህች ሴት ምን ይጠቅማታል?

ማሰቡን ለማሽን ስንሰጠው

አሁን ደግሞ ቀላሉ መንገድ በእጃችን ይዘነው የምንዞረው ሆኗል። ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ አሳጥርልኝ፣ የትኛውን ልግዛ? ቻትጂፒቲ በሰከንድ ይመልሳል። በ2025 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች 54 ሰዎችን ድርሰት አጻፉ። ገሚሱ በቻትጂፒቲ፣ ገሚሱ በጉግል፣ ገሚሱ በራሱ ጭንቅላት። በቻትጂፒቲ የጻፉት የአእምሮ እንቅስቃሴያቸው ከሁሉም ደካማ ነበር። ብዙዎቹ ያስረከቡትን ድርሰት አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ በትክክል መጥቀስ አቃታቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሲወጣም በሌሎች ሊቃውንት አልተገመገመም ነበር። «አእምሮን ያደነዝዛል» ብለው የጮሁት ርዕሶች ከጥናቱ በላይ ሄደዋል።

ያም ሆኖ ነገሩ ቀደም ካየነው ጋር ይገጥማል። አእምሮ ያመዛዝናል። ሌላ ሰው በነፃ የሚያስብልህ ከሆነ ለምን ይለፋል? ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ የሚጻፍ ደብዳቤ ከሆነ እኔም ደስ ይለኛል፤ ማሽኑ ይጻፈው። ከዚያ ልፋት ማንም የተማረው ነገር የለም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ድርሰት ግን ሌላ ነገር ነው። ድርሰቱን መምህሩ አይፈልገውም፤ የሚፈለገው ልጁ ሲጽፍ የሚደክመው ድካም ነው። ያን ለማሽን ከሰጠው ትምህርቱን ነው የሰጠው።

ወላጆች ግን ስልክ በመቀማት ብቻ ይህን የሚያቆሙት አይመስለኝም። ልጁ «ያዋጣኛል ወይ?» ብሎ ሲያሰላ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው። ነጥብ የሚሰጠው ለተረከበው ወረቀት እስከሆነ ድረስ ስሌቱ ትክክል ነው። ልጁ ጽሑፉን ቆሞ እንዲያስረዳ፣ ጥያቄ እንዲመልስበት ቢደረግ ስሌቱ ራሱ ይለወጣል። የቅኔ መምህር ተማሪውን ሌላ ሰው የዘረፈውን ቅኔ አስይዞ አያስመርቅም፤ ፊቱ አስቁሞ ያዘርፈዋል።

በሌላኛው ወገን ደግሞ ቀላሉን የሚያከብዱ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ሪቻርድ ቴለር፣ የ2017 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ፣ ሰውን በፎርምና በምልልስ አድክመው መብቱን የሚያስተዉ አሠራሮችን ለይተው የተቹት በ2018 ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ነገ ና»፣ «ፎቶ ኮፒ ይጎድላል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»። ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው በአራተኛው ይተወዋል፤ ወይ ደላላ ይፈልጋል። ደላላው የሚሸጠው ሌላ ምንም ሳይሆን የተቀነሰ ውጣ ውረድ ነው። በ2025 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙ ጉዳዮችን በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል፤ የሕንፃውን ማማር ብዙ ሰው ያወራል። እኔ የምቆጥረው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጉዳይ ለመጨረስ ባለጉዳዩ ስንት ወረቀት ይዞ ይመጣል? ስንት ጊዜስ ይመለሳል?